የሲአርፒ ፈጣን መመርመሪያ በትክክል መለካቱን እንዴት እናጣራለን?

ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ የሲአርፒ ነው። ሲአርፒ ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲነሳ ጉበት በብዛት የሚያመርተው ፕሮቲን ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን አይቶ አንቲባዮቲክ ያዛል ወይም ይተዋል። መሣሪያው ከተሳሳተ ጦሱ ለታማሚው ነው። ስለዚህ «አምራቹ አረጋግጧል» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን አትቀላቅሉ። አንደኛው «መሣሪያው ሲአርፒን በትክክል ይለካል ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ሲአርፒ በሽታውን በትክክል ይጠቁማል ወይ?» ነው። ሲአርፒ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሆነ በመገጣጠሚያ ብግነት ከፍ ይላል። ኢንፌክሽኑ ገና ሲጀምር ደግሞ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ይህ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም። እዚህ የምናጣራው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው።

1. ውሳኔ የሚሰጥበትን ቁጥር ያዙ

በ2014 የወጣው፣ የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም የናይስ የሳንባ ምች መመሪያ 20 እና 100 ሚሊግራም በሊትር የሚሉ ሁለት ድንበሮችን ተጠቅሟል። ከ20 በታች ከሆነ አንቲባዮቲክ በዘልማድ አይሰጥም፤ ከ100 በላይ ከሆነ ይሰጣል፤ በመካከል ከሆነ ሕመሙ ከባሰ ብቻ የሚጠቀሙበት የዘገየ ማዘዣ ይታሰባል። እናንተ የምትሠሩበት ድንበር ሌላ ከሆነ እሱን ያዙ። 180ን 200 ብሎ ያነበበ መሣሪያ ብዙ አይጎዳም። 85ን 110 ያለ ግን ውሳኔ ያስለውጣል።

2. መሣሪያው ከራሱ ጋር ይስማማ እንደሆነ እዩ

አንድ ዝቅተኛና አንድ ከፍተኛ ኮንትሮል (የሲአርፒ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና) ውሰዱ። እያንዳንዱን በቀን 5 ጊዜ፣ ለ5 ቀን ለኩ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ልኬቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚበታተኑ የሚያሳየውን ቁጥር) ለአማካዩ አካፍላችሁ በ100 አባዙ። የሚወጣው ፐርሰንት አምራቹ ከጻፈው በግልጽ ከበለጠ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አትሂዱ። ኪቱ ከፍሪጅ ወጥቶ ሳይሞቅ ተሠርቶ እንደሆነም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው።

3. የጣቱንና የደም ሥሩን ደም አንድ ላይ ውሰዱ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

የጣት ደም በመሣሪያው ይለካል፤ ከደም ሥር የተቀዳው ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ሁለቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቢቻል በደቂቃዎች ልዩነት መወሰድ አለባቸው። ማታ በጣት ተለክቶ ጠዋት ከደም ሥር የተቀዳበት መረጃ አይቻለሁ። መሣሪያው «አጋንኖ ያነባል» ተብሎ ሊጣል ነበር። ሲአርፒ መመረቱ ሲቆም በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ማታ 100 የነበረ ሰው 12 ሰዓታት ካለፉ በኋላ ወደ 65 ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው መሣሪያው ሳይሆን ሰዓቱ ነበር።

አወሳሰዱም ወሳኝ ነው። እጁ ቀዝቃዛ ከሆነ አሙቁት። አልኮሉ ይድረቅ። የመጀመሪያውን ጠብታ በጥጥ ጥረጉና ሁለተኛውን ውሰዱ። ጣቱን አትጭመቁ፤ ሲጨመቅ ከሕብረ ሕዋስ የሚወጣ ፈሳሽ ደሙን ያቀጥነዋል። ቀጭኗ ቱቦ አረፋ ሳይገባባት እስከ መስመሩ ትሙላ።

ሌላው ብዙዎች የሚዘሉት ሄማቶክሪት ነው፤ ይህም ከደሙ ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች የያዙት ድርሻ ነው። ላብራቶሪው የሚለካው ሴረም ወይም ፕላዝማ፣ ማለትም ሴሎቹ የወጡለት የደም ፈሳሽ፣ ነው፤ መሣሪያው ግን ሙሉ ደም። ሲአርፒ ያለው በፕላዝማው ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መሣሪያ ሄማቶክሪትን ራሱ ይለካል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሁሉም ሰው ለምሳሌ 40 ፐርሰንት እንዳለው ቆጥሮ ያሰላል። አሁን ፕላዝማው ውስጥ 60 ሚሊግራም በሊትር ያለው፣ ሄማቶክሪቱ 30 የሆነ ደም ማነስ ያለበት ታማሚ እንውሰድ። ሙሉ ደሙ ውስጥ ያለው 42 ነው። መሣሪያው ይህን ለ0.6 ያካፍልና 70 ይላል። ሄማቶክሪቱ 55 የሆነ ጨቅላ ሕፃን ቢሆን ደግሞ ያው 60 ወደ 45 ይወርዳል። የፕላዝማው ሲአርፒ ያው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ። ስለዚህ ከሲአርፒው ጎን የእያንዳንዱን ሰው ሄማቶክሪት መዝግቡ። መመሪያ ወረቀቱ ስለ እርማቱ ምንም ካላለ አምራቹን ጠይቁ። እኔ ሄማቶክሪትን የማያርም መሣሪያ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል አልመርጥም።

4. ቁጥሮቹን ዘርጉ

ቢያንስ 40 ሰው ያስፈልጋል። ጤነኞችን ብቻ አትሰብስቡ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ውጤት ያላቸው ይኑሩ። በተለይ ድንበሮቹ አካባቢ ይብዙ። መሣሪያውን የሚያነበው ሰው የላብራቶሪውን ውጤት አይወቅ።

5. በኮሪሌሽን አትታለሉ

በራሪ ወረቀቶች ላይ «0.98 ኮሪሌሽን» ተብሎ በደማቁ ይጻፋል። ኮሪሌሽን ሁለት ልኬቶች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸውን እንጂ እኩል መሆናቸውን አይነግርም። እስቲ ሁልጊዜ 30 ፐርሰንት አጋንኖ የሚያነብ መሣሪያ አስቡ። 10ን 13፣ 80ን 104 ይላል። ኮሪሌሽኑ ፍጹም 1 ነው፤ 80 የነበረው ታማሚ ግን 100ን አልፏል። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ማርቲን ብላንድና ዳግላስ አልትማን በ1986 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ያሳዩት መንገድ ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሰው የሁለቱን ልኬት ልዩነት አውጡ፤ ከሁለቱ አማካይ ጋር በግራፍ አስቀምጡ። የልዩነቶቹ አማካይ መሣሪያው ወዴት እንደሚያጋድል ያሳያል። በዚያ አማካይ ላይ የልዩነቶቹን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.96 እጥፍ ደምሩ፣ ቀንሱም፤ ከልዩነቶቹ 95 ፐርሰንት ገደማ የሚያርፉበትን ክልል ታገኛላችሁ። ነጥቦቹ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እንደ ማራገቢያ ከተዘረጉ ልዩነቱን በፐርሰንት ሥሩት።

«ከ5 በታች» የሚል ውጤት ሲመጣ 5 ብላችሁ አትሙሉ። ከዚህ ስሌት አውጡት፤ በሚቀጥለው ቆጠራ ግን ይግባ።

6. ድንበሩ ላይ ቁጠሩ

ላብራቶሪው ከ100 በላይ ካላቸው ስንቱን መሣሪያውም ከ100 በላይ አለ? ከ100 በታች ላሉትም እንዲሁ ቁጠሩ። ከ20 ሰው 17ቱን ካገኘ 85 ፐርሰንት ነው። ግን 20 ሰው ጥቂት ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ከ62 እስከ 97 ፐርሰንት ባለው ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ክልሉን ሳትጽፉ 85ን ብቻውን አትጻፉ።

የናንተው ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ ሳይሆን መስመር የሚያሳይ ስትሪፕ ከሆነ 5ኛውን ዝለሉ። በምትኩ ሁለት ሰዎች፣ ሳይነጋገሩ፣ በተባለው ደቂቃ ላይ ያንብቡት። ዘግይቶ የተነበበ መስመር ሊደምቅ ይችላል። እጅግ ከፍተኛ ሲአርፒ ደግሞ አንዳንዱ ስትሪፕ ላይ መስመሩን መልሶ ያደበዝዘዋል። ታማሚው ክፉኛ ታሞ መስመሩ ከደበዘዘ፣ መመሪያው በሚፈቅደው ፈሳሽ አቅጥናችሁ ድገሙት ወይም ወደ ላብራቶሪ ላኩት።

ሪፖርቱ ላይ የኪቱን ሎት (አንድ ላይ የተመረተ ስብስብ) ቁጥር ጻፉ። አዲስ ሎት ሲመጣ ሁሉንም ከመጀመሪያው መድገም አያስፈልግም፤ ሁለቱን ኮንትሮሎችና ድንበሩ አካባቢ ያሉ ጥቂት ናሙናዎችን በአሮጌውም በአዲሱም ለክታችሁ አወዳድሩ።