ጥለቱ ነጩን ለምን ያቀልመዋል? የጥጥ ክርን በቤት ውስጥ የማቅለም ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሸሚዝ ወይም የአልጋ ልብስ የሚያቀልም ሰው ቀለሙ ትንሽ ቢለቅበት ለብቻው አጥቦ ይገላገላል። የጥለት ክር የሚያቀልም ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። ያቀለመው ቀይ ወይም አረንጓዴ ዕድሜውን ሙሉ ከነጭ ጥጥ ጋር ተጎራብቶ ይኖራል፤ አብሮት ይታጠባል፣ አብሮት ይተጣጠፋል። ስለዚህ የክሩ ጥራት የሚለካው በድምቀቱ ሳይሆን ጎረቤቱን ነጭ አድርጎ በማቆየቱ ነው። ገበያ ላይ ዓይን የሚስብ ክር ገዝቶ በመጀመሪያው እጥበት ያዘነ ሸማኔ ይህን ለማንም ያስረዳል።

እዚህ የምናየው ሪአክቲቭ የሚባለውን የቀለም ዓይነት ነው። የመጀመሪያዎቹን ለገበያ ያቀረበው አይሲአይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1956 ነበር። ፕሮሲዮን ኤምኤክስ የሚባለው ቤተሰብ ሳይፈላ ስለሚይዝ ለቤት ሥራ የሚመቸው እሱ ነው። ቀለሙ ክሩ ላይ ተለጥፎ የሚቀር ሳይሆን ሶዳ (ሶዳ አሽ የሚባለውን) ሲያገኝ ከጥጡ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰር ነው። ችግሩ ከውሃውም ጋር መተሳሰሩ ነው። ውሃ የቀደመው ቀለም ከዚያ በኋላ ጥጥ አይዝም፤ ነገር ግን ክሩ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። ከዚህ በታች ያለው ችግር አብዛኛው ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

ለማነጻጸሪያ እንዲሆን የመነሻው ልክ ይህ ነው፦ ለ100 ግራም ደረቅ ክር 2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ ለመካከለኛ ድምቀት ከ2 እስከ 4 ግራም ቀለም፣ ከ100 እስከ 150 ግራም ጨው፣ 20 ግራም ሶዳ አሽ። መጀመሪያ ቀለሙና ጨው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶዳው፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት።

ችግር፦ ቀለሙ ይለቃል፣ ነጩንም ያቀልማል

በመጀመሪያ የሚጠረጠረው እጥበቱ ነው፤ ቀለሙ ተጠያቂ የሚሆነው እጥበቱ በትክክል ከተደረገ በኋላ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ክሩን በቀዝቃዛ ውሃ ሦስትና አራት ጊዜ አለቅልቆ ውሃው የጠራ ሲመስለው ያሰጣዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ጨውንና ሶዳን እንጂ ክሩ ውስጥ የተሸሸገውን ልቅ ቀለም አያወጣም። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ጠርቷል በተባለው ባሊ ውስጥ ያለውን ክር አውጥቶ የፈላ ውሃ ውስጥ መክተት ብቻ ነው። ውሃው ወዲያው ይቀላል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ክሩ በእጅ ሲነካ ማሟለጩን እስኪተው ድረስ ማለቅለቅ። ጨው ያለበት ውሃ ልቅ ቀለሙን መልሶ ወደ ክሩ ስለሚገፋው ይህ ደረጃ አይዘለልም። ቀጥሎ በጣም ሙቅ ውሃ፣ ቢያንስ 60 ዲግሪ፣ ቢቻል ለመፍላት የቀረበ፤ ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጨምሮ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ደግሞ መድገም። ቁጥሩን ቀለሙ ራሱ ይወስነዋል፤ ፈዛዛ ቢጫ ቶሎ ይጠራል፣ ጥቁርና ደማቅ ቀይ ትዕግሥት ይፈትናሉ። ጥጥ የፈላ ውሃ ስለሚችል ክሩን ይጎዳዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

ከሽመናው በፊት አንድ ፈተና ይቀራል። እርጥቡን ክር በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ በጋለ ካውያ መጫን። ጨርቁ ላይ አንዳች ቀለም ከታየ ክሩ ለሸማኔ አይሰጥም፤ ወደ ሙቁ ውሃ ይመለሳል።

ነጠላው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ጥለቱ ነጩን ካቀለመው ደግሞ ከሁሉም በፊት እንዳይደርቅ ማድረግ ነው። ነጩ ላይ ያረፈው ቀለም ሶዳ ስላላገኘ አልተሳሰረም፤ ስለዚህ ብዙ መጠን ባለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት እየዘፈዘፉ ውሃውን ደጋግሞ መለወጥ አብዛኛውን ያወጣዋል። «ብዙ ውሃ» የሚለው ቃል መጠበቅ አለበት፤ በትንሽ ሳፋ ማጨቅ የወጣውን ቀለም መልሶ ነጩ ላይ ማሳረፍ ነው። እርጥቡን አጣጥፎ ማሳደርም እንዲሁ።

በረኪና መፍትሄ አይደለም። ጥለቱንም አብሮ ያወድመዋል። «ጨውና ኮምጣጤ ያስይዘዋል» የሚለው ምክር ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ቢሆንም ለዚህ ቀለም አይሠራም። ኮምጣጤ ለሱፍና ለሐር በተሠሩ ሌሎች ቀለሞች ዘንድ ቦታ አለው። ሪአክቲቭ ቀለም ግን ጥጥን የሚይዘው በሶዳ ነው፤ እዚያ ውስጥ ኮምጣጤ መጨመር ሶዳውን ማምከን ነው።

ከብዙ የሙቅ ውሃ እጥበት በኋላም ውሃው መቅላቱን ካላቆመ ሁለት ነገር መገመት ይቻላል፤ ወይ ቀለሙ ከመጀመሪያውም ሪአክቲቭ አልነበረም፣ ወይ ሶዳው ሥራውን አልሠራም። በስም የለሽ ፌስታል ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት ሁሉ ሪአክቲቭ አይደለም። ሻጩ «ከጨው ጋር አፍልቶ መንከር ብቻ ነው» ካለ ሌላ ዓይነት መሆኑን ከወዲሁ መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለውን ክር ለጥቁር ሰማያዊ ወይም ለቡናማ ጨርቅ መጠቀም እንጂ ከነጭ ጋር ማጋባት አያዋጣም።

ችግር፦ በባሊው ውስጥ ደማቅ የነበረው ታጥቦ ሲወጣ ደበዘዘ

ይህ ብዙ መንስኤ ያለው ችግር ነው። ከሶዳው መጀመር ይሻላል፤ «ሶዳ» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉና። ለዳቦ የሚሆነው ቤኪንግ ሶዳ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል አደገኛ ነገር ስለሆነ ከቤት ይራቅ። የሚፈለገው ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ በአገራችን ከአብያታ ሐይቅ ውሃ ሲመረት የነበረው ዓይነት። ካልተገኘ ቤኪንግ ሶዳን በሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጎ በ200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ወደ ሶዳ አሽ ይለውጠዋል። መለወጡ በሚዛን ይታወቃል፤ ከክብደቱ ከሢሶ በላይ ይቀንሳል። የፒኤች ወረቀት (የውሃን አሲድነት ወይም አልካላይነት የሚለካ) ያለው ሰው የማቅለሚያው ውሃ ከ10.5 እስከ 11 መድረሱን ያይ።

ቀጥሎ ብርዱ። ኤምኤክስ የሚባለው ቤተሰብ ከ21 ዲግሪ በታች ሥራው ይዘገያል፤ የደጋ ቤት ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ከዚያ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ድሬዳዋ ላይ በአንድ ሰዓት ያማረ ቀለም ደብረ ብርሃን ላይ በዚያው ሰዓት ቢደበዝዝ አይገርምም። ባሊውን ሙቅ ውሃ ባለበት ትልቅ ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ማቆየት፤ ይህ ካልተቻለ ክሩን እዚያው ማሳደር። ሌሎች የሪአክቲቭ ቤተሰቦች ግን 60፣ አንዳንዶቹም 80 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሲገዙ የቀለሙን ቤተሰብ ስም መጠየቅ የግድ ነው።

ሦስተኛው ያረጀ ቀለም ነው። ደረቁ ዱቄት እርጥበት እስካልነካው ድረስ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። በውሃ የተበጠበጠው ግን በአንድ ሳምንት ገደማ ይዳከማል፣ ሶዳ የገባበት ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ያበቃለታል። ከትናንት የተረፈው የማቅለሚያ ውሃ አሁንም ደማቅ ሆኖ ይታያል፤ የሚታየው ቀለም ግን ውሃ የቀደመው፣ ምንም የማይዝ ቀለም ነው። ለቁጠባ ብሎ ሌላ ክር መንከር ክሩንም ሳሙናውንም ማባከን ነው።

አራተኛው ሰሙ ነው፤ በእጅ የተፈተለ ክር የሚያቀልም ሰው በተለይ ይህን ይመልከት። ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለው፤ የፋብሪካ ክር ላይ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ስታርች ይጨመርበታል። አንድ ጠብታ ውሃ በደረቁ ክር ላይ ያኑሩ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተቀመጠና ክሩን ሲያዘነብሉት ከተንከባለለ ቀለሙም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ክሩን በጥቂት ሶዳ አሽና ሳሙና ለአንድ ሰዓት መቀቀል ነው መድኃኒቱ። ንጹሕ ነጭ ከመሰለ ፈትል የሚወጣው ውሃ ቀጭን ሻይ መስሎ ሲታይ ያልለመደ ሰው ይደነግጣል። ተቀቅሎ የታጠበው ክር ጠብታውን ወዲያው ይጠጣዋል፤ ውሃ ውስጥ ሲጣልም ሳይንሳፈፍ ይሰምጣል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካልያዘ ክሩ ጥጥ ላይሆን ይችላል። ጫፉን በክብሪት ማቃጠል ነው፤ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሰው ሠራሽ ክር ይቀልጥና ጠጣር ኳስ ይሆናል። ለሱ ሪአክቲቭ ቀለም አይሠራም።

ችግር፦ ክሩ ዥጉርጉር ሆነ

ዥጉርጉርነት ሆን ተብሎ ሲሠራ ያምራል፤ ሳይፈለግ ሲመጣ ግን ጥለቱ ላይ እንደ ቆሻሻ ይታያል። ነጭ ሆነው የቀሩት ቦታዎች እኩል ተራርቀው ከታዩ ጥፋቱ የማሰሪያው ነው፤ ቱባው ተጠብቆ ታስሯል። ማሰሪያው ጣት የሚያስገባ ልል መሆን አለበት። ቦታዎቹ ያለ ሥርዓት የተበተኑ ከሆነ ግን ወይ ክሩ በደንብ አልተቀቀለም፣ ወይ ዕቃው ጠቦታል፣ ወይ ጨውና ሶዳው በአንድ ጊዜ ተደፍቶበታል።

ጨው ቀለሙን ከውሃው ወደ ክሩ የሚገፋ ነውና በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይጨመር፤ በየመሐሉም አምስት ደቂቃ ያህል ማገላበጥ። ሶዳው ለብቻው በሙቅ ውሃ ይሟሟ፣ ይቀዝቅዝ፣ ክሩ ከባሊው ወጥቶ ሶዳው ከተቀላቀለ በኋላ ይመለስ። ሶዳ ከገባ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ውስጥ ክሩን ከማገላበጥ በቀር ሌላ ሥራ የለም፤ ቡና ማፍላት ቢያምርዎትም ቆየት ይበሉ። የተዥጎረጎረውን ክር በጠቆረ ቀለም ደግሞ መንከር እንጂ በዚያው ቀለም ለማስተካከል መሞከር ልዩነቱን ይዞት ይቀጥላል።

ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብቻ ከሆኑ ዱቄቱ አልሟሟም ማለት ነው። በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ለውሶ፣ ከዚያ አቅጥኖ፣ በስስ ጨርቅ ማጥለል ይበቃል። ዱቄቱን በሚሰፍሩበት ጊዜ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። የሪአክቲቭ ቀለም ብናኝ ደጋግሞ ወደ ሳንባ ሲገባ አስም የመሰለ አለርጂ ያስከትላል፤ አንዴ የጀመረው ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ሕፃናት ባሉበት ኩሽና ውስጥ ዱቄት አይሰፈርም።

ችግር፦ ያሰብኩት ቀለም ሌላ ሆኖ ወጣ

ሐምራዊው ዳር ዳሩን ሮዝ፣ ጥቁሩ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቢጤ ይሆናል። ጥቁርና ሐምራዊ አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ቀለሞች ድብልቅ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ በእኩል ፍጥነት አይይዙም። ቀዩ ይቸኩላል፣ ቱርኩዋዝ የሚባለው ውሃ ሰማያዊ ከሁሉም ኋላ ይቀራል። ጊዜ ሲያጥር ወይም ውሃው ሲቀዘቅዝ ዘገምተኛው ቀለም ይቀርና ድብልቁ ይፈርሳል። ቱርኩዋዝ ላለበት ድብልቅ ተጨማሪ ሙቀትና ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ነው። ለጥቁር ደግሞ በክሩ ክብደት ከ6 እስከ 8 በመቶ ቀለም ያስፈልጋል፤ በ2 በመቶ ግራጫ እንጂ ጥቁር አይገኝም።

ቀለሙ ሁሉ የፈዘዘና አመድማ ከሆነ ውሃውን ይመልከቱ። የሳሙና አረፋ የማያስወጣ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለበት ቀለሙን ያጎድፈዋል። በክረምት የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከዚህ ነጻ ነው። ለማቅለሚያው ብቻ እንኳ 10 ሊትር ጀሪካን መያዝ ብዙ ያግዛል።

ችግር፦ ድስቱ ጠቆረ፣ ውሃውም አረፋ አወጣ

ድስቱ አልሙኒየም ነው። ሶዳ አሽ አልሙኒየምን ይበላል፤ ሶዳውም እዚያው ያልቃል። ለማቅለም ፕላስቲክ ባሊ፣ ለመቀቀል የማይዝግ ብረት ወይም ያልተላጠ ኢናሜል ያስፈልጋል። ለቀለም የዋለ ዕቃም ለወጥ አይመለስም።

ችግር፦ ሁለተኛው ቱባ ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም

የነጠላው አንደኛው ጫፍ ደም ቀይ፣ ሌላው ጫፍ ወደ ብርቱካን ያደላ ከሆነ ቀለሙ በማንኪያ ተሰፍሯል፣ ወይም ክሩ እርጥብ እያለ ተመዝኗል። ሚዛን ሁልጊዜ ደረቁን ክር፣ ሁልጊዜ በግራም። የውሃው መጠንም መጠበቅ አለበት፤ ውሃ በበዛ ቁጥር ያው ቀለም ይፈዛል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ለአንድ ልብስ የሚያስፈልገውን ጥለት በሙሉ አስልቶ፣ ጥቂት ትርፍ ጨምሮ፣ በአንድ ባሊ ማቅለም ነው። አንዴ ከተለያዩ በኋላ የፈዘዘውን ነጥሎ ወደ ደማቁ ማድረስ ሙከራው ብዙ፣ ውጤቱ ጥቂት ነው። ሁለቱንም ቱባ አንድ ላይ በጠቆረ ቀለም ማለፍ ይቀላል፤ ቀይ የነበረው ጥለት ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ሁለቱም ጫፍ ግን አንድ ዓይነት ይሆናል።