የብራዚል ለውዝ አለቃቀም፦ ከዛፉ ሥር እስከ ጆንያው

አማዞን ውስጥ ከለቃሚዎች ጋር ስሠራ በመጀመሪያ የተማርኩት መታገሥን ነው። ዛፉ እስከ 50 ሜትር ይረዝማል፤ ድቡልቡሉ ፍሬ ደግሞ 2 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ነፋስ ሲነፍስ ወይም ዝናብ ሲጥል ከሥሩ አትግቡ፤ የራስ ቁርም አድርጉ። ፍሬው በብዛት የሚወድቀው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት የዝናብ ወራት ነው።

የወደቀውን ቶሎ ሰብስቡ። እርጥብ መሬት ላይ ከሰነበተ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ስትከምሩት የፍሬው እምብርት፣ ማለትም ቀዳዳ ያለበት ጫፉ፣ ወደ ታች ይሁን፤ አለበለዚያ በቀዳዳው ውኃ ይገባል። ይህ ትንሽ ጥንቃቄ ብዙ ምርት ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ።

በገጀራ ስትፈለፍሉት ከ10 እስከ 25 የሚደርሱ ለውዞች ታገኛላችሁ። ስለቱ የቆረጣቸውን ለዩ። የቀሩትን በንጹሕ ወራጅ ውኃ እጠቡና የተንሳፈፉትን ጣሉ፤ ባዶ ወይም የበሰበሱ ናቸው። ከዚያ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በስሱ አስጡ፤ በየቀኑ አገላብጡ። እርጥቡን በላስቲክ ከረጢት በፍጹም አታፍኑት፤ አየር የሚያስገባ ጆንያ ተጠቀሙ።

ሁሉንም ግን አትልቀሙ! አጉቲ የምትባለው የአይጥ ዘመድ ጠንካራውን ቅርፊት በጥርሷ ከፍታ ለውዙን ትቀብራለች፤ የረሳችው ይበቅላል። ዙሪያውን ያለውን ደንም አትመንጥሩ። የዛፉን ክድን አበባ ገፍተው እየገቡ ፍሬ እንዲይዝ የሚያደርጉት ትልልቅ የዱር ንቦች የሚኖሩት እዚያው ነው።