በክረምት የኤሌክትሪክ መኪና ለምትነዱ
ጅማ ላይ ዝናቡ ሲጠና ጉልበተኛ የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁ ቀኝ እግራችሁን ለስለስ አድርጉት። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን የሚያወጣው ቀስ በቀስ ነው። የኤሌክትሪኩ ግን ገና ስትነኩት ይለቀዋል። ጭቃ የለበሰ ኮብልስቶን ላይ ጎማው ባዶውን ይሽከረከርና መኪናው ወደ ጎን ይሄድባችኋል። ጉልበቱን የሚያፈጥነውን ስፖርት ሞድ ለበጋ አቆዩትና ለስለስ በሚያደርገው በኢኮ ሞድ ንዱ። (ለነገሩ ባጃጅ በሞላበት መንገድ ስፖርት ምን ይሠራል?)

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቁልቁለቱን ነው። ከሰኮሩ ወደ ግቤ ድልድይ ስትወርዱ እግራችሁን ከፔዳሉ ባነሳችሁ ቁጥር ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል፤ ባትሪም ይሞላል። ደስ ይላል። ግን ሞተሩ የሚይዘው እሱ የሚያሽከረክራቸውን ጎማዎች ብቻ ነው። የኋላ ጎማ የሚነዳው መኪና ከሆነ፣ ርጥብ ኩርባ ላይ ድንገት እግር ሲነሳ ኋላው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበትን መጠን ከስክሪኑ ዝቅ አድርጉት፤ እግራችሁንም ቀስ ብላችሁ አንሱ። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት ከገባችሁማ ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው እንደወትሮው አይዝም፤ ፍሬን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ጎማም እዩ። መኪናው ከባድ ስለሆነ ቶሎ ይበላል። ጥርሱ ከ3 ሚሊሜትር ከወረደ ውሃ መግፋት ይደክመዋል፤ ሰኔ ሳይገባ ቀይሩት።