ለጎሽና ለዝሆን ጠብመንጃ ጥይት ስትሞሉ መጀመሪያ አረሩን ምረጡ፣ ፍጥነቱ ይደርሳል

ትልቅ ካሊበር (ወፍራም አረር ሚተኩስ ጠብመንጃ) ይዞ ጥይት በራሱ መሙላት፣ ማለትም ባዶ ቀለሃ ውስጥ ለኳሹን ካፕሱል፣ ባሩዱንና ተተኳሹን አረር በእጁ መግጠም የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀው «ስንት ፍጥነት አወጣ?» ብሎ ነው። ተዉት እሱን። ጎሽ 30 ሜትር ላይ ቆሞ እያያችሁ በሰከንድ 50 ጫማ ተጨመረ አልተጨመረ ምንም አይጠቅማችሁም፣ ሚጠቅማችሁ አረሩ የትከሻ አጥንት ሰብሮ ቀጥ ብሎ ልብና ሳንባ ጋ መድረሱ፣ ከዛ ደግሞ ሁለተኛው ጥይት ሳይሰነቀር መግባቱ ነው።

ስለዚ ከአረሩ እንጀምር። ሁለት ዓይነት ነው በአጭሩ። ሶፍት ሚባለው ስጋ ሲነካ አፉ ሚከፈተው ነው፣ ሶሊድ ደግሞ ቅርፁን ሳይለቅ ዘልቆ ሚሄደው። ለአንበሳና ለነብር ሶፍት፣ ለዝሆን ሶሊድ ብቻ፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ የዝሆን አንጎል በወፍራም አጥንት ስለተሸፈነ ተከፍቶ ሚቆም አረር እሱ ጋ አይደርስም። ክርክሩ ያለው ጎሽ ላይ ነው። እኔ ምመርጠው የመጀመሪያው ጠንካራ ሶፍት ሆኖ (እንደ ስዊፍት ኤ ፍሬም ወይ ባርነስ ቲ ኤስ ኤክስ) ከስር ያሉት ሶሊድ ቢሆኑ ነው፣ ምክንያቱም ጎሽ ብዙ ጊዜ መንጋ ውስጥ ነው ሚቆመው፣ ሶሊድ አንዱን በስቶ ወጥቶ ከኋላ ያለውን ያቆስላል። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ግን ጎሹ እየሸሸ ወይ እየመጣባችሁ ስለሚሆን ከየትኛውም አቅጣጫ ዘልቆ ሚገባ ነው ሚያስፈልገው።

የሶሊዱ አፍንጫ ቅርፅም ወሳኝ ነው። ድሮ ክብ አፍንጫ ነበር አብዛኛው፣ አሁን ጠፍጣፋው ተመራጭ ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ መስመሩን አይስትም፣ ክቡ አንዳንዴ መንገዱን ይቀይራል። የጠፍጣፋው ችግር ከካዝና ወጥቶ ሲገባ ጠርዙ ሊይዝ መቻሉ ነው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ክብደት ላይ የተለመደው ለ375 ኤች ኤንድ ኤች (375፣ 416፣ 458 ሚባሉት የጥይት ዓይነቶች ናቸው) 300 ግሬን (የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ)፣ ለ416 400 ግሬን፣ ለ458 500 ግሬን ነው። ክብደቱ ከውፍረቱ ጋ ሲነፃፀር ሚወጣው ቁጥር (ሴክሽናል ዴንሲቲ ሚሉት) በሦስቱም ከ0.300 በላይ ነው፣ ጥልቀት ሚሰጠው አንዱ እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ ወይ ከነሐስ የተሠራ ከሆነ ግን ትንሽ ቀለል ያለ ብትወስዱ አትጎዱም። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል እኩል ክብደት ያለው አረር ይረዝማል፣ ሲረዝም ቀለሃው ውስጥ ገብቶ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፣ እና 458 ላይ 450 ግሬን መዳብ ብዙ ጊዜ ከ500ው የተሻለ ይስማማል። ደሞ ለእርሳስ ሆድ አረር የተፃፈ የባሩድ መጠን ለመዳብ አይሠራም! የአምራቹን መፅሐፍ ለዛው አረር ተመልከቱ።

ስለ ግፊት ምን መሰላችሁ፣ 416 ሪግቢ 1911 ላይ ሲወጣ ቀለሃው ትልቅ የሆነው ያኔ የነበረው ኮርዳይት ሚባል ባሩድ ሙቀት ላይ ግፊቱ ስለሚጨምር ነው። 1988 የመጣው 416 ሬሚንግተን ያንኑ 400 ግሬን በዛው በሰከንድ 2400 ጫማ አካባቢ ይልካል፣ ግን የግፊት ጣሪያው 65,000 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) ነው፣ የሪግቢው 52,000። ሁለቱም ጎሽ ይገድላሉ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ቀለሃ በቀላሉ ሚወጣው ግን ከዝቅተኛው ግፊት ነው። መቀባበያው ከበዳችሁ ወይ የካፕሱሉ ጠርዝ ተደፍጥጦ ካያችሁ ግፊቱን አልፋችኋል፣ ባሩዱን ቀንሱ። በቃ።

458 ዊንቸስተር ደግሞ ተቃራኒው ችግር ነበረበት። 1956 ሲወጣ ቀለሃው አጭር ስለሆነ ባሩዱ ተጠቅጥቆ ነበር ሚገባው፣ ሲቆይ እየተጋገረ ጥሩ አልነድ እያለ ፍጥነቱ ይወርድ ነበር። አሜሪካዊው አዳኝ ጃክ ሎት ሞዛምቢክ ውስጥ ጎሽ ከጎዳው በኋላ ነው 1971 ላይ ቀለሃውን ወደ 2.8 ኢንች አርዝሞ 458 ሎትን ያመጣው። ዊንቸስተሩን ምትሞሉ ሰዎች ቦታ ማይፈጅ ባሩድ ምረጡና 2100 ጫማ ላይ ረክታችሁ ተቀመጡ።

አሁን ብዙ ሰው ሚዘለው ነገር፣ ክሪምፕ፣ የቀለሃውን አፍ አረሩ ላይ ጨምቆ ማቆለፍ ማለት ነው። እነዚህ ጠብመንጃዎች ሲረግጡ ካዝና ውስጥ የቀሩት ጥይቶች ከፊት ግድግዳው ጋ ይላተማሉ፣ አረሩ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይሰምጣል፣ ከሰመጠ ግፊቱ ሊጨምር ይችላል። ባለ ሁለት አፈሙዝ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ያልተተኮሰው አረር ወደፊት ይሳባል። ስለዚ አረሩ ላይ ያለው ቀለበት መስመር ላይ አጥብቃችሁ አቆልፉ፣ ከዛ አንዱን ጥይት ርዝመቱን ለክታችሁ ካዝና ስር አስቀምጡት፣ ከላዩ ያሉትን ተኩሱና መልሳችሁ ለኩት። ርዝመቱ ከተለወጠ የቀለሃው አንገት አረሩን አልያዘውም ማለት ነው።

ባለ ሁለት አፈሙዝ ካላችሁ ነፃነታችሁ ያነሰ ነው፣ ሁለቱ አፈሙዞች አንድ ቦታ እንዲመቱ የተገጣጠሙት ለአንድ ክብደትና ፍጥነት ነው። 470 ናይትሮ ለ500 ግሬን በ2150 ጫማ ነው፣ ከሱ ከራቃችሁ ግራና ቀኙ ይለያያሉ። አሮጌ ከሆነ ጠንካራ ሶሊድ ከመተኮሳችሁ በፊት ባለሙያ ጠይቁ፣ ስስ አፈሙዝን ሊያበላሽ ይችላል።

ስትጀምሩ መፅሐፉ ላይ ካለው ዝቅተኛ መጠን ጀምራችሁ በትንሽ በትንሹ ውጡ፣ ከዝቅተኛው በታችም አትውረዱ፣ ትልቅ ቀለሃ ውስጥ ጥቂት ባሩድ መጨመር ራሱ አደጋ አለው። ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር። ሶፍቱና ሶሊዱ 50 ሜትር ላይ አንድ ቦታ ካልመቱ አንዱን ቀይሩ፣ ጫካ ውስጥ ማስተካከያ ማሰብ የለም።

እና ያልኳችሁ የጠፍጣፋው ነገር፣ ባሩድም ካፕሱልም የሌለው አምስት ማስመሰያ ሥሩ፣ በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ካዝናውን ሞልታችሁ አንዴ በዝግታ አንዴ በኃይል አቀባብሉ፣ ጠብመንጃውን ዘቅዝቃችሁም ሞክሩት። ከሃምሳ ሙከራ አንዴ እንኳን ከያዘ ያ አረር ምንም ቢያምር ለዛ ጠብመንጃ አይሆንም፣ ሌላ ፈልጉ። ለአደን ምትይዟቸውን እውነተኛዎቹንም እያንዳንዳቸውን ተኩስ ቦታ ላይ አፈሙዙን ወደ ኢላማው አድርጋችሁ አስገብታችሁ አውጧቸው፣ ስትገባ ወይ ስትወጣ ያስቸገረችዋን ለልምምድ ለዩአት።