ክንዳችሁን ስጡ፣ አትጎትቱ

ደሴ ፒያሳ ጓደኛዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። አይነ ስውር ነው፣ መምህር ነው፣ ነጭ ዱላውን ይዟል። ከሩቅ እያየሁት አንዲት እናት ጠጋ አሉና "እኔን ልጄ!" ብለው አስር ብር እጁ ላይ አስጨበጡት። "እማማ፣ ደመወዝ አለኝ እኮ፣ ለተቸገረ ይስጡልኝ" ብሎ በክብር መለሰላቸው። ሴትየዋ ደነገጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ ለሰው እጁን የሚሰስት ብዙም የለም። ግን እስከዚያ ሰዓት ምን እንደሚፈልግ የጠየቀው አንድ ሰው አልነበረም። እሱ የፈለገው የሰኞ ገበያው ታክሲ የቱ እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው፤ ሦስት ረዳቶች ባንዴ ሲጮሁ ድምፁ ከየትኛው መኪና እንደመጣ አይለይማ።

ስለዚህ መጀመሪያ ድምፃችሁን አሰሙ። "ሰላም፣ ላግዝህ?" በቃ። "አይ፣ አመሰግናለሁ" ካለ እሺ ብላችሁ እለፉ፣ አትቀየሙ።

እሺ ካለ ደግሞ አትጎትቱት። እኔ በመጀመሪያው ሰሞን ዱላ የያዘበትን እጁን አፈፍ አድርጌ መንገድ አሻግሬዋለሁ። ቆይቶ ነው የነገረኝ፤ ዱላውን መያዝ ማለት አይኑን መጋረድ ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ክንዳችሁን ጠጋ ታደርጉለታላችሁ፣ ከክርናችሁ ከፍ አድርጎ ራሱ ይይዛችኋል፣ እናንተ ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ትራመዳላችሁ፤ ስትወርዱም ስትወጡም ስትታጠፉም መንገዱን በክንዳችሁ ያውቀዋል። ጠባብ ቦታ ላይ ክንዳችሁን ወደ ኋላ መለስ ስታደርጉ ከኋላችሁ ይሆናል።

ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። ክዳን የሌለው ቦይ አለ፣ መንገድ ዳር የተቆለለ አሸዋ አለ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው አለ። "ተጠንቀቅ!" ብሎ መጮህ ምንም አይረዳም። ከምን ይጠንቀቅ? "ፊትህ ቦይ አለ፣ ሰፋ አድርገህ ተራመድ" በሉት። "ሦስት ደረጃ ወደ ታች" በሉት። "እዚያ ጋ" የሚባል ነገር ለእሱ ቦታ አይደለም፣ "በስተቀኝህ ሁለት እርምጃ" ግን ቦታ ነው። ወንበር ስታሳዩት እጁን መደገፊያው ላይ አስነኩት፣ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ መልስ ስትሰጡ ብሩን አንድ በአንድ እየጠራችሁ ስጡ።

የሚያበግነኝ ሌላ ነገር አለ። ምግብ ቤት ገብተን አስተናጋጁ ወደ እኔ ዞሮ "እሱ ምን ይብላ?" ይለኛል። አጠገቤ ተቀምጦ! እንዲህ ሲገጥማችሁ አትመልሱለት፣ "እሱን ጠይቀው" በሉ። መስማት ከተሳነው ሰው ጋር ስትሆኑም ያው ነው፤ አስተርጓሚውን ሳይሆን እሱን እያያችሁ አውሩ። መጮህ አያስፈልግም፣ ካልተግባባችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉለት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን እሱ በሌለበት የሚሆነው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቅጥር ሲወራ "አይነ ስውር ይህን እንዴት ይሠራዋል?" ሲባል ሰምቼ ዝም ብያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 እንዳለ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። አዋጁ በአካል ጉዳት ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፤ ተገለልኩ ያለ ሰው ፍርድ ቤት ቢሄድ ደግሞ አላገለልኩም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የአሠሪው ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ይህን ጥሩት። "ምን ሊሠራ ይችላል?" ለሚል ሰው ደግሞ ሩቅ አትሂዱ፤ በልጅነቷ የአይኗን ብርሃን ያጣችው የወሎ ሳይንቷ ልጅ የትነበርሽ ንጉሤ የሕግ ባለሙያ ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

የእድር ወይም የወላጆች ስብሰባ ፎቅ ላይ ሲጠራም "ምድር ቤት ይሁን" የሚለው ሰው እናንተ ሁኑ። ዊልቸር የሚጠቀመው ጎረቤታችሁ በየወሩ ራሱ መለመን የለበትም። የሕንፃ ሕጉ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚ መግቢያ እንዲኖረው ያዛል፤ ኮምቦልቻም ደሴም አዲስ ሕንፃ ሲሠራ መወጣጫው የት እንዳለ ጠይቁ። ብቻ በስሙ አትወስኑለት። ቀድማችሁ ደውሉለት፣ "ይህን ላነሳ ነው፣ አንተ ምን ትላለህ?" በሉት። ራሱ መናገር ከፈለገ ወንበሩን ልቀቁለት።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ስትለያዩ "ሄድኩ" በሉ። ጓደኛዬ አንዴ ቡና እየጠጣ ስለ ተማሪዎቹ ፈተና ሲያወራ ቆየ፤ አብሮት የነበረው ሰው ስልክ ሊያናግር ውጭ ወጥቷል፣ አልነገረውም። የነገረችው ቡና የምታፈላዋ ልጅ ናት። "አብሽር ጋሼ፣ አሁን ይመጣል፣ እስኪመጣ ለእኔ ንገረኝ" አለችውና ስኒውን እጁ አጠገብ አስቀምጣ ቁጭ አለች።