በሥነ ልቦና ምርመራ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«በድብርት መጠይቁ 16 አምጥታለች፤ ስለዚህ ድብርት አለባት።» ከጀማሪ ባለሙያዎች ጋር ፋይል ስንገመግም ይህን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ድምሩን ደግሜ ስደምረው ልክ ነው። ከድምሩ ተነስቶ የበሽታው ስም ላይ እንዴት እንደተደረሰ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። መሃል ላይ መጠየቅ የነበረበት ነገር ሁሉ ተዘልሏል። መጠይቅ ይዛችሁ ታካሚ ፊት መቀመጥ ለጀመራችሁ፣ ይህንንና መሰሎቹን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ጥያቄው ሳይታወቅ መፈተን

ከሐኪም «የሥነ ልቦና ምርመራ ይደረግለት» የሚል አንድ መስመር ይመጣል። ጀማሪው ያለውን ፈተና ሁሉ ይደረድራል። ታካሚው ይደክማል፣ ሪፖርቱ በቁጥር ይሞላል፣ ሐኪሙ ግን የፈለገውን አያገኝም። መጀመሪያ ስልክ አንሱና የላከውን ሰው ጠይቁ። ማወቅ የፈለገው ምንድን ነው? ጭንቅላቱን የተመታው ሰው ወደ ሥራው መመለስ ይችል እንደሆነ ነው? የመርሳቱ ምክንያት ድብርት ይሁን የአንጎል በሽታ ለመለየት ነው? የትኛው ፈተና እንደሚሰጥ የሚወስነው ይህ መልስ ነው።

ማጣሪያን እንደ መጨረሻ ውሳኔ መቁጠር

ወደ 16ቱ ልመለስ። መጠይቁ ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት ማጣሪያ ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበሩ ዘጠኝ ምልክቶች ይጠይቃል። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ በብዛት የሚሠራበት መለያ ነጥብ 10 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የመጀመሪያው ጥናት እንዳሳየው፣ በዚህ ነጥብ ላይ መጠይቁ ድብርት ካለባቸው ሰዎች 88 በመቶውን ይይዛል። ከሌለባቸውም 88 በመቶውን በትክክል ያሳልፋል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ።

አሁን እርሳስ አንሱ። ለተለያየ ሕመም ሐኪም ዘንድ ከመጡ 1,000 ሰዎች መካከል ድብርት ያለባቸው 50 ናቸው እንበል። መጠይቁ ከእነሱ 44ቱን ይይዛል። ድብርት ከሌለባቸው 950 ሰዎች ደግሞ 12 በመቶው፣ ማለትም 114ቱ፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ ያመጣሉ። በድምሩ 158 ሰው «ተይዟል»። ድብርት ያለባቸው ግን 44ቱ ብቻ ናቸው። ከአሥሩ ሦስት እንኳ አይሞሉም! ያው መጠይቅ ከታካሚዎቹ ግማሾቹ ድብርት ባለባቸው ክሊኒክ ቢሰጥ፣ ከተያዙት 88 በመቶው እውነትም ድብርት ያለባቸው ይሆናሉ። መጠይቁ አልተቀየረም። የተቀየረው የተሰጠበት ቦታ ነው። ይህን ስሌት ሳያውቅ ማጣሪያ የሚያድል ሰው በጣም ያሳስበኛል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ጥያቄ ነው። ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ እነዚህ ሁሉ ነጥብ ያስገኛሉ። የደም ማነስም የታይሮይድ እጢ ችግርም አብዛኞቹን ያመጣል። ፋይሏ ላይ «ድብርት» ተጽፎ፣ ምክር ለወራት ስትከታተል ቆይታ፣ በመጨረሻ በደም ምርመራ የታይሮይድ ችግር የተገኘባት ሴት አውቃለሁ። ልጇን በቅርቡ የቀበረች እናትም ከፍ ያለ ነጥብ ልታመጣ ትችላለች። ታካሚዋ ከዚህ ቀደም እንቅልፍ ሳያስፈልጋት ለቀናት በኃይል ስትሠራ፣ ስታወራና ገንዘብ ስትበትን የቆየችበት ጊዜ ነበር ወይ? መጠይቁ ይህን አይጠይቅም። ባይፖላር፣ ማለትም ድብርትና እንዲህ ያለ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚፈራረቁበት ሕመም፣ ላለባት ታካሚ ደግሞ የድብርት መድኃኒት ብቻውን መስጠት ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። መጠየቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ዘጠነኛውን ጥያቄ ሳያዩ ወረቀቱን ማስገባት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። የፒኤችኪው-9 ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ነው። ድምሩ 7 የሆነ ወረቀት «ቀላል» ተብሎ ፋይል ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ግን ምልክት ነበረበት። ታካሚው በአፉ መናገር ያልቻለውን በእስክሪብቶ ነግሮናል። እኛ ደግሞ ደምረን አለፍነው። ከዚህ የባሰ ስህተት አላውቅም።

ወረቀቱን ስትቀበሉ መጀመሪያ እዚያ መስመር ላይ እዩ። ከዜሮ ሌላ ነገር ካለ፣ ሰውየው ከክፍሉ ሳይወጣ በግልጽ ጠይቁት። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል? መንገዱስ በእጅህ አለ? በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። ብዙዎች ሲጠየቁ እፎይ ይላሉ። አደጋ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ የሚቀጥለው ሰው እስኪረከበው አብራችሁ ቆዩ። ዘጠነኛው ዜሮ ከሆነም ተረጋግታችሁ አትቀመጡ። ለወረቀት እውነቱን የማይነግር ሰው አለ።

የሰውየውን ሁኔታ ሳያዩ መጀመር

መነጽሩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ የመርሳት ምርመራ የወደቀ አዛውንት ገጥሞኛል። መነጽሩን ካደረጉ በኋላ ሌላ ሰው ሆኑ። ያያል? ይሰማል? ትናንት ተኝቷል? ምን መድኃኒት ወስዷል? ትምህርት ቤትስ ገብቷል? ከ30 የሚታረመው የታወቀው የመርሳት ማጣሪያ ዓረፍተ ነገር አስነብቦ ያጽፋል፣ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ያስቀንሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እዚያ ነጥብ የሚያጣው አንጎሉ ስለታመመ አይደለም።

ታካሚውን መርዳት

ይህን የሚሠሩት ደጎቹ ጀማሪዎች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ። ሕፃኑ ሲጨነቅ ፍንጭ ይሰጣሉ፣ ሰዓቱን ትንሽ ያስረዝማሉ፣ መልሱ ልክ ሲሆን «ጎበዝ!» ይላሉ። የማወዳደሪያው ቁጥር የተገኘው ግን በመመሪያው ቃል በቃል ከተፈተኑ ሰዎች ነው። ጥረቱን አመስግኑ፣ መልሱን ግን አትንኩ። ችሎታውን በእርዳታ ማየት ከፈለጋችሁ መደበኛውን ከጨረሳችሁ በኋላ ሞክሩና ለብቻው ጻፉት።

ጠረጴዛ ላይ ፈተናውን በቃል መተርጎምም የዚሁ ዘመድ ነው። አታድርጉት።

ቁጥሩን ከአቅሙ በላይ ማናገር

በዌክስለር የማሰብ ችሎታ ፈተና አማካዩ 100፣ መደበኛ ልይይቱ (ውጤቶች ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ቁጥር) 15 ነው። 68 በመቶ ያህሉ ሰው ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ነው። 50ኛ ፐርሰንታይል ማለት ከመቶ ሰው ሃምሳውን መብለጥ ነው፤ እንግዲህ ልክ መሃል ነው። ይህን ለወላጅ ሳያስረዱ መናገር ደግ አይደለም፤ «ልጄ ግማሹን ብቻ ነው የመለሰው» ብለው የሚያለቅሱ አሉ። ማንኛውም ነጥብ ደግሞ የስህተት ክልል አለው። 70 እንደ ድንበር ቢቆጠርም፣ 69 እና 71 ባመጡ ሁለት ልጆች መካከል ግድግዳ የለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ለማለት ልጁ ልብሱን እንዴት እንደሚለብስ፣ ከሰው እንዴት እንደሚግባባ፣ ገንዘብ እንዴት እንደሚይዝ መታየት አለበት። የድሮ እትም መጠቀምም ነጥብ ያሳብጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገሮች ውጤቱ በየአሥር ዓመቱ ወደ 3 ነጥብ ገደማ ከፍ ሲል ነበርና።

ኤምኤምፒአይ በሚባለው ረጅም የባሕርይ መጠይቅ ላይ የኤፍ መለኪያ (ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሰጧቸውን መልሶች የሚቆጥረው) ሲጨምር «ዋሽቷል» ማለትም እንዲሁ ነው። ጥያቄው ያልገባው፣ የተምታታበት፣ በጣም የታመመ ወይም «እርዱኝ» እያለ የሚጮህ ሰውም ከፍ ያለ ኤፍ ያመጣል።

ለማንም የሚሆን ሪፖርት መጻፍ

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ለተማሪዎቹ ፈተና ሰጠ። ከዚያ ለሁሉም አንድ ዓይነት የባሕርይ መግለጫ አደለ፤ ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቃቀመ ነበር። ተማሪዎቹ ግን «እኔን ይገልጻል» ብለው ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። «አንዳንዴ በራሷ ትጠራጠራለች» የሚል ሪፖርት ሳነብ እሱ ትዝ ይለኛል። የታካሚዋን ስም ሸፍናችሁ አንብቡት። ለቀጣዩ ታካሚም የሚሆን ከሆነ እንደገና ጻፉት።

ውጤቱን ለታካሚው አለመንገርም አለ። ለሰዓታት የለፋው እሱ ነው። ፈተናው ባለቀበት ቀን የማብራሪያውን ቀጠሮ ያዙለት። በቀጠሮው ቀን ከቁጥሩ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ይዞት ከመጣው ጥያቄ ጀምሩ።