ማታ ማታ የሚሞተው ዋይፋይ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ አለ። ከነተከራዩ አራት ቤተሰብ ይኖርበታል። ዋይፋዩን የሚረጨው ሳጥን፣ ራውተሩ፣ የተቀመጠው የባለቤቷ ሳሎን፣ ቡፌ ላይ ነው፤ ዳንቴል ለብሶ። «ልጄ፣ ቀን ደህና ነው፤ ማታ ማታ ይሞታል» አሉኝ እማማ። የባሕር ዳርን ሙቀት እያወቀ ራውተር ላይ ዳንቴል የሚደርብ ሰው አይጠፋም። መጀመሪያ እሱን ገፈፍኩ። በሽታው ግን ሌላ ነበር።

ምልክት፦ ቤት ውስጥ ማንም ሳይነካው ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል

መስመሩን ከመውቀስ በፊት እንግዳ መቁጠር ይሻላል። ስልክዎን ከዋይፋዩ ጋር ያገናኙ፤ የሞባይል ዳታውን ያጥፉ። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብለው ይግቡ። ትክክለኛው ቁጥር ራውተሩ ሆድ ላይ ተለጥፏል። የእማማ ወረቀት ስለደበዘዘ በስልክ ባትሪ አብርቼ ነው ያነበብኩት። ከዚያ የተገናኙ ዕቃዎችን ዝርዝር ይክፈቱ። እማማ ቤት ሦስት ስልክና አንድ ቴሌቪዥን አለ። ዝርዝሩ ላይ የቆጠርኩት 11 ነው።

ምክንያቱ ፓስዎርዱ ነው፦ የራሳቸው ስልክ ቁጥር። ዕድርተኛው በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ባያውቀው እንኳ የኛ ሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል፤ የሚገመተው ቀሪው 8 አሃዝ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው። ለሰው ብዙ ይመስላል፤ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው ኮምፒውተር ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሌባው በር ላይ ቆሞ አይሞክርም። አንድ ስልክ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ የሚለዋወጡትን ቀድቶ ይሄድና ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገምታል። ራውተሩ ነገሩን አያውቅም።

መፍትሄው ረጅም ፓስዎርድ ነው። ከ8 እስከ 63 ፊደል ይፈቀዳል። የኛን ፊደል አብዛኛው ራውተር ስለማይቀበል በላቲን ይጻፉት። የማይገናኙ አራት ቃላት ይበቃሉ፦ ታንኳ፣ ዣንጥላ፣ ሽሮ፣ ማክሰኞ ዓይነት። (ይቺን ግን አይውሰዷት።) ጣናንና ዓባይን ይተዉ፤ በዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚሞከሩት እነሱ ናቸው። የራውተሩን የራሱን መግቢያ ፓስዎርድም እዚያው ይቀይሩ። ፋብሪካው ባወጣለት ከተተወ፣ ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ሁሉ ቤቱን ከውስጥ ሊቆልፍብዎት ይችላል።

ምልክት፦ ፓስዎርድ ተቀይሮም እንግዶቹ ተመለሱ

ሁለት በር አለ። አንዱ ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚባለው፣ ፓስዎርድ ሳይጻፍ የሚያገናኝ አቋራጭ ነው። ባለ 8 አሃዝ ፒን አለው፤ ራውተሩ ግን ለሁለት ከፍሎ ስለሚያየው 11,000 ገደማ ሙከራ ይበቃል። ይህ የታወቀው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ያጥፉት። ሁለተኛው በር የቤት ልጅ ነው፤ ኪውአር ኮዱን ለጓደኛ ያሳያል፣ አለቀ። ለዚህ ማስተካከያ የለውም፤ ቁጣም አይሠራም። ራውተሩ ካለው «የእንግዳ» ኔትወርክ ይክፈቱ። ተከራይ ሲለቅ የዚያን ብቻ ይቀይራሉ።

ምልክት፦ አይፎኑ ደካማ ደህንነት ይላል፣ ወይም አሮጌው ስልክ አልገናኝም አለ

ራውተሩ ገጽ ላይ፣ የዋይፋዩ መቆለፊያ ማለትም የደህንነት ዓይነቱ ጋ፣ ደብሊውፒኤ 2 ከኤኢኤስ ጋር (WPA2, AES) ይምረጡ። ቲኪፕ (TKIP) የሚል አሮጌ አማራጭ ካለ ይተዉት፤ ፍጥነትም ይቀንሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው ዌፕ (WEP) ጨርሶ አይነካ። አዲሱ ደብሊውፒኤ 3 (WPA3) ብቻ ተመርጦ አሮጌው ስልክ ከቀረ፣ 2 እና 3 የተቀላቀሉበትን ይምረጡ። የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ምልክት፦ የራውተሩ መግቢያ ፓስዎርድ ጠፋ

ሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ግን ይጠንቀቁ! የመስመሩ መለያ ስምና ፓስዎርድም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱን ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቀው ወረቀት ላይ ሳይጽፉ መርፌውን አያንሱ። እኔ አንዴ ቅዳሜ ማታ ነካሁትና እስከ ሰኞ ያለ ኢንተርኔት ከረምኩ።

እማማ ጋ ያን ማታ ዝርዝሩ 4 ላይ ቆመ። በማግስቱ ደወሉ። «ልጄ፣ የጓሮዋ ልጅ ፈተና አለባት፤ ምን ልበላት?» የእንግዳውን ፓስዎርድ ነገርኳቸው። አሁን 5 ነው።